እድሩ በቁም ላለችውም ይድረስ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአናንዴል የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር አሳምረን እናውቅበታለን፤ ለሞተ ሰው መድረስ። ስልኩ በእኩለ ሌሊት ይደወል እንጂ፣ ሲነጋ ቤቱ በወንበር ሞልቶ ይገኛል። እንጀራው በካርቶን ይመጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ አስከሬኑ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነም ወጪው ውሎ ሳያድር ይሸፈናል። «እስቲ መጀመሪያ ኮሚቴ እናቋቁም» የሚል የለም፤ እድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ ሰበካ ጉባኤው አለ፣ የመስጊዱ ጀመዓ አለ። ይህንኑ ጉልበት ለሌላ ሰው እንድናውለው ነው ይህን ጥሪ የምጽፈው። ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች፣ ከቤተሰቧ ማንም ደጃፉን ያልረገጠውን ኮሌጅ ለመጨረስ ለምትታገለው እህታችን። እሷ አልሞተችም። ስለዚህ እስካሁን ማንም አልደረሰላትም።

ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃታለን። ቀን በነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ ናት፣ ወይም የፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ናት፣ ወይም ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ትገፋለች። በዲቪ መጥታለች፣ በጋብቻ መጥታለች፣ ወይም ጥገኝነት ጠይቃ ተፈቅዶላታል። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። እዚህ እንደመጣች አንድ ሁለት ሴሚስተር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሞከረች፤ ልጅ ተወለደ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ትምህርቱም ቆመ። አሁን መመለስ ትፈልጋለች። ነርስ፣ ማለትም አርኤን ለመሆን፣ አካውንቲንግ ለመማር፣ አስተማሪ ለመሆን። ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ አባቶችም በመካከላችን አሉ፤ ቁጥራቸው ያንሳል እንጂ ጭንቁ ያው ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ለእነሱም ነው።

ስለ እሷ የሚወራውንም እናውቀዋለን። «በዚህ ዕድሜዋ ምን ሊያደርግላት?» «አርፋ ልጆቿን ብታሳድግ አይሻልም?» «እሷ እኮ ድሮም ለትዳር አልተፈጠረችም።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ቡና አብረዋት የሚጠጡ ናቸው። ግን አያውቁም። እህታችን ትምህርቷን የምታቋርጠው ጭንቅላቷ አልቀበል ብሎ አይደለም። ባብዛኛው ገንዘብ አጥታም አይደለም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ልጆቿን የሚይዝላት ሰው አጥታ ነው።

ሰዓቱን አስቡት። ብዙው ዴይኬር የሚዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ አሜሪካኖቹ ስድስት በሚሉት። ሠርቶ አዳሪ የሚወስደው የማታ ክፍል የሚጀምረውም እዚያው ገደማ ነው። ከሥራ ወጥታ፣ በቤልትዌይ መጨናነቅ ተጉዛ ዴይኬር ትደርሳለች፤ ከዘገየች በደቂቃ ይቆጥሩባታል። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብታ ታስራለች። ከዚያስ? ክፍል ይዛቸው ትግባ? አንዱ አስተማሪ ፊቱን ፈታ አድርጎ ይቀበላታል፣ ሌላው አይፈቅድም። ጎረቤት ትለምናለች። ጎረቤቷ ሁለት ሳምንት ትይዝላታለች፤ በሦስተኛው ሽፍቷ ይቀየራል። ሚድተርም ይደርሳል። ትንሹን ልጅ ያተኩሰዋል። አንድ ፈተና ታመልጣታለች፣ ከዚያ አንድ ላብ፣ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ኢሜይሏን መክፈት ታፍራለች። ሴሚስተሩ እንዲህ ሆኖ ያልቃል።

ነርሲንግ የገባች እንደሆነ ግጭቱ ወደ ጠዋት ይዞራል። ክሊኒካል የሚሉት የሆስፒታል ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ዴይኬር በሩን ሳይከፍት ነው። እዚያ ደግሞ ማርፈድ የሚባል ነገር የለም።

አንዳንዷ እናቷን ከአዲስ አበባ በቪዚት ቪዛ ታስመጣለች። አያት ሲመጡ ቤቱ ነፍስ ይዘራል፤ ልጅ ይይዛሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ እሷም መጽሐፏን ትገልጣለች። ግን ኤርፖርት ላይ የሚሰጣቸው ጊዜ እንደ ልማዱ ከስድስት ወር አያልፍም። አንድ ሴሚስተር አራት ወር ገደማ ነው። አያት አንዱን አሻግረው፣ ሁለተኛውን አጋምሰው ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሸከመው ማነው? እኛ የምንፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። የአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጀመሪያ ዲግሪና ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ልጅ እያሳደጉ እንደሚማሩ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ዲግሪ ሳይዙ እንደሚወጡ ጽፏል። ይህን ያህል ሀብት ያለው አገር ያልደፈነው ቀዳዳ ነው። እኛ ግን አገሩ የሌለው ነገር አለን፤ እድር አለን።

ገንዘብ አይደለም ማለቴን የሚጠራጠር ይኖራል፤ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ። ፔል ግራንት የሚባል የፌዴራል እርዳታ አለ። አይመለስም፣ ወለድ የለውም፤ ወለድ የምትሸሽ ሙስሊም እህታችን በንጹሕ ልብ ልትወስደው የምትችለው ነው። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። በምትኖርበት ካውንቲ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በነዋሪ ዋጋ ለምትማር ሴት ይህ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያዋን ይሸፍናል። ከሙሉ ጊዜ ያነሰ ክሬዲት ይዛ ከተማረች እንደ ክሬዲቷ ልክ ይቀነሳል። ሕጉ ደግሞ ለእሷ ያደላ ነው፤ ብዙዎቻችን ያልሰማነው ይህንን ነው። ከ2024–25 ጀምሮ በሚሠራበት ስሌት፣ ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ተማሪ ገቢው ከድህነት መስመሩ 225 በመቶ ካላለፈ ከፍተኛው ፔል ይፈቀድለታል። ትዳር ላይ ላለ ወላጅ መስመሩ 175 በመቶ ነው። ሁለት ልጅ ላላት እናት ይህ መስመር ከ55 ሺህ ዶላር በላይ ላይ ያርፋል። ከሲኤንኤ እህቶቻችን ስንቷ ናት ከዚህ በላይ የምታገኘው?

ታዲያ ገንዘቡ ተቀምጦ ለምን አልወሰደችውም? የእርዳታው ማመልከቻ ቅጽ ነዋ። ፋፍሳ።

ከቤተሰብ የመጀመሪያ ተማሪ መሆን ማለት ይኼ ነው። የተማረ ቤተሰብ ልጅ ፋፍሳን፣ ክሬዲትን፣ አድቫይዘርን፣ ዊዝድሮውን እራት ላይ እየሰማ ያድጋል፤ ለእሷ የነገራት የለም። ቅጹን ከፍታ ስለ ወላጅ ገቢ የሚጠይቅ ነገር ስታይ፣ «አባቴ ጎጃም ገበሬ ናቸው፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ትዘጋዋለች። የሚያስቆጨው፣ ያ ጥያቄ እሷን አይመለከትም። ከግማሽ በላይ ወጪውን የምትችልለት ልጅ ያላት ተማሪ በሕጉ ራሷን የቻለች ስለሆነች ወላጆቿ ጉዳዩ ውስጥ አይገቡም። ሌላዋ ደግሞ ቅጹ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት ከባሏ ጋር የሞሉትን ታክስ ነው ሲሏት ተስፋ ትቆርጣለች። ግን ከዚያ ታክስ ውስጥ የሚቆጠረው የራሷ ድርሻ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ገቢዋ ከወደቀም ማስረጃዋን ይዛ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ገብታ «ሁኔታዬ ተለውጧል፣ እንደገና እዩልኝ» ማለት ትችላለች፤ ቢሮው የማስተካከል ሥልጣን አለው። የዴይኬር ወጪዋ በትምህርት ወጪዋ ስሌት ውስጥ እንዲካተትላትም መጠየቅ ትችላለች። ይኼኛው ብዙ ጊዜ የሚከፍተው የብድር በር ስለሆነ ሰከን ብላ ታስብበት፤ ግን መብቷ መሆኑን ትወቅ። ያው የ2019ኙ ሪፖርት እንደሚለው ብዙ ኮሌጆች ይህን መብት በድረ ገጻቸው ላይ አያነሱትም። ካልጠየቀች የሚነግራት የለም።

ወላጆቻቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌላቸው ተማሪዎች ተብሎ የተዘረጋ ድጋፍም አለ፤ ትሪዮ ይባላል። ሥሩ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኖቬምበር 1965 ከፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የሚመዘዝ ነው። ቱቶር አለው፣ አማካሪ አለው። በየኮሌጁ ሁሉ አይገኝም፤ ባለበት ኮሌጅ ግን ስንት የእኛ ልጆች በሩን ሳያንኳኩ ወጥተዋል።

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያላት፣ ጥገኝነቷ የጸደቀላት ይህን ሁሉ ልትጠይቅ ትችላለች። ማመልከቻዋ ገና ውሳኔ የሚጠብቅ ግን የፌዴራሉን እርዳታ አታገኝም። የእኛ እጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥሪው።

የእድር ዳኞች፣ የማኅበር ሙሴዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድ ሹማምንት፤ አዳራሾቻችሁን አውቃቸዋለሁ። ስንት ዓመት አዋጥተን፣ ዳቦና ቆሎ ሸጠን፣ ቃል ገብተን የገዛናቸው ናቸው። እሑድና ዓርብ ይሞላሉ። ማክሰኞ ማታ መብራታቸው ጠፍቶ፣ ወንበራቸው ተደርድሮ፣ ማሞቂያቸው ለባዶ ክፍል እየሠራ ያድራሉ። ሁለት ማታ ክፈቷቸው። በሴሚስተሩ ልክ፤ አራት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ከዴይኬር መዝጊያ ጀምሮ ተማሪዋ እናት እስክትመለስ። ልጆቹ እራት ይብሉ፣ የቤት ሥራቸውን ይሥሩ፤ በዚያውም አማርኛቸውን ያፍታቱ፤ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ያልቻለውን ማን ያውቃል ይህ ይችለው ይሆናል።

በስሜት ብቻ እንዳትገቡበት ግን አደራ። ልጅ መጠበቅ በዚህ አገር ሕግ አለው፤ ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያል። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት የካውንቲውን የሕፃናት እንክብካቤ ቢሮ ሄዳችሁ ምን እንደሚፈቀድ፣ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ ሁሉ የጀርባ ማጣሪያ ይለፍ፤ ቄስም ይሁን፣ ዑስታዝም ይሁን፣ የእድሩ ጸሐፊም ይሁን። አዳራሹ አልሆን ካለ እናቶቹ በየተራ የሚያያዙበትን መንገድ አደራጁ፤ የሰኞና የረቡዕ ተማሪ የማክሰኞና የሐሙሷን ልጆች ትያዝ። ተራውን የሚጽፍ፣ ሰው ሲታመም ተተኪ የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለቅሶ ቤት ማን መቼ ምግብ እንደሚያመጣ በስልክ የሚያደራጁ እናቶች አሉን አይደል? ለእነሱ ይህ ሥራ ቁርስ ነው።

ጎረምሶቻችንንም አንርሳ። በሜሪላንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ልጆቻችን ያንን ሰዓት ለመሙላት የማያውቁት ቦታ ሲሄዱ እናያለን። ትምህርት ቤታቸው የሚቀበለው ሆኖ ይመዝገብና፣ በአዋቂ ዓይን ሥር የእህታችንን ልጆች ሒሳብ ያስጠኑ። የተመረቃችሁ አርኤኖች፤ እናንተ ስንት ናችሁ! አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ ወይም በዙም ብታስረዷት፣ አጥንቱንና ጡንቻውን በአማርኛ እየቀለዳችሁ ብታስያዟት፣ ያ ኮርስ አይጥላትም። ታክስ የምትሠሩ ወንድሞች፤ ፋፍሳ የሚጠይቀውን ቁጥር የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ ደንበኛችሁ ልጅ እንዳላትና ብቻዋን እንደሆነች ከማናችንም በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። «ትምህርት አላሰብሽም?» በሉ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ፤ ዝናብ ሲጥል ከኮሌጁ በር ላይ ማንሳት ምን ያህል እንደሚያቀል አይነገራችሁም።

እቁብተኞችም አላችሁ። ሴሚስተሩን አጋምሳ ያቋረጠች ተማሪ ያላወቀችው ወጥመድ አለ። የፌዴራል እርዳታ የወሰደች ተማሪ የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ከወጣች፣ ከእርዳታው ከፊሉ ወደ መንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁም ጉድለቱን በስሟ ዕዳ አድርጎ ይይዘዋል። ዕዳው እስኪከፈል መመዝገብ አይቻልም። ከዓመታት በኋላ ተነሣሥታ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጠብቃት ያ ነው። አንዳንዴ የጥቂት መቶ ዶላር ነገር ነው፤ ለሠርግ ዲጄ ከምንከፍለው ያነሰ። እድሩም እቁቡም ለዚህ የሚሆን አነስተኛ መጠባበቂያ ይኑረው። በስጦታ መልክ ከከበዳችሁ፣ ያለ ወለድ ትበደረው፣ ስትመረቅ ለሚቀጥለዋ ትመልሰው። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን ያደግን ሰዎች ይህ አያቅተንም።

አገር ቤት የምትሄዱ መንገደኞችም ሥራ አላችሁ። አንዳንዷ እህት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ጀምራው የተወችው ትምህርት ይኖራል። ትራንስክሪፕቷ በታሸገ ፖስታ ቢመጣና ቢገመገምላት የሚቆጠርላት ክሬዲት ሊኖር ይችላል፤ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትላት ሰው ግን የላትም። ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ግማሽ ቀን ስጧት።

አባቶች፤ ለእናንተ ብዙ አልናገርም። ትዳሩ በፍርድ ቤት ፈርሶ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን የእናንተም ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ያዟቸው። የልጅ ማሳደጊያውንም በቀኑ ክፈሉ። የእናታቸው ዲግሪ የልጆቻችሁ ቤት ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ልጅ ያዘሉ እናቶች ቀበሌ አዳራሽ ገብተው ፊደል ቆጥረዋል። ደርግ ነበር፣ ግዴታም ነበረበት፣ ያንን አልክድም። ግን ትልቅ ሰው ደብተር ይዞ ሲሄድ ያልተሳቀበት ዘመን ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ የቢሮ ሠራተኛ ነው የማታ ተምሮ፣ በኤክስቴንሽን ዲግሪውን ይዞ ቤተሰብ ያቆመ? የማታ ተማሪን ማክበር እናውቅበት ነበር። እዚህ መጥተን ነው «በዚህ ዕድሜዋ» ማለት የጀመርነው።

አንቺ እህቴ፤ ይህን ከሽፍት ወጥተሽ ባስ ውስጥ የምታነቢው ከሆነ፣ ሁለት ነገር ልበልሽ። መጀመሪያ፣ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ልጅ ቢታመም፣ ሥራ ቢቀየር፣ ለአስተማሪው በዚያው ቀን ጻፊ፤ መቀጠል ካልቻልሽም በደንቡ ዊዝድሮው አድርጊ፣ ከማድረግሽ በፊት ደግሞ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ገብተሽ ምን እንደሚያስከትል ጠይቂ። ሁለተኛ፣ ለምኚ። እድር የከፈልሽው ለሬሳሽ ብቻ አይደለም። የእድሩን ዳኛ ደውለሽ «ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቼን የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ» በያቸው። አንዲቷ ስትጠይቅ ሌሎች አምስቱ አፋቸው ይፈታል። ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሮ ሮክቪል ሼዲ ግሮቭ እስካሉት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከኖቫ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ድረስ መንገዱ ተጠርጓል፤ ሁለቱን ዓመት ከጨረስሽ ወደ አራቱ የሚያሻግር በር አለ።

የፋፍሳ ቅጽ እንደ ልማዱ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው፤ ቀኑም ብዙውን ጊዜ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ላይ ይውላል። ደመራ ከዚያ አምስት ቀን ይቀድማል፤ ያን ማታ ደግሞ ብዙዎቻችን አንድ ሜዳ ላይ ነን። የዘንድሮ ደመራ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዘርጋ። ሁለት ቱቶር፣ አንድ ታክስ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ የኢንተርኔት መስመር ይቀመጥበት፤ የእናቶቹ ስም፣ የክፍላቸው ማታና የልጆቻቸው ቁጥር ይመዝገብ። የእድር ዳኞች፣ የሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ ላይ ይህን አንደኛ ተራ ቁጥር አድርጋችሁ ጻፉት፤ የአዳራሹን ቁልፍ ማክሰኞ ማታ ማን እንደሚይዝ ሳትወስኑም አትበተኑ።